ሆደ ሰፊ

ምናለሽ ተራ ነው፣ ከቆርቆሮው ጫካ፣
ሙዘይን በጣቱ በርሜሉን ሲለካ፤
ሜትርም አልያዘ፣ ሚዛንም የለው፣
አንኳኩቶ ይሰማል፣ ጆሮ ነው ያለው።

«ይሄ» ይላል መትቶ፣ «ናፍጣ ጠጥቷል፣
ድምፁ ወፍራም ሆኗል፣ ጉሮሮው ተዘግቷል።
ያ ደግሞ የቀለም፣ ቂጡ የረገበ፣
ይሄኛው ሞላሰስ፣ ዝንብ የሰበሰበ።»

ለኔ የውሃ ነው። ውሃ በኛ ሰፈር
በዘጠኝ ቀን አንዴ ሌሊት ነው የሚሰፈር፤
ቧንቧው ሲያስል ሰምቶ የተኛ ይነሣል፣
ባልዲ ከጀሪካን ተጋፍቶ ይደርሳል።

«ውስጡ ምን ነበረ?» አልሁት። ጎንበስ አለ።
አሸተተ። ቆየ። ዐይኑን ጨፈን አርጎ፦
«የኮኮናት ዘይት፣ ለሳሙና የመጣ፣
ባሕሩን ተሻግሮ በጅቡቲ የወጣ።
ታጥቧል» አለኝ ምሎ፣ «በአሸዋ በአመድ፤
ሽታ ግን እንግዳ ነው፣ ቢያባርሩት አይሄድ።
ሁለት መቶ ሊትር ነው፣ ሆደ ሰፊ ነገር፣
የሰጡትን ሁሉ ይዞ የማይናገር።»

ተካልኝ ገፋልኝ፣ በጎኑ አጋድሞ፣
በሰባራ ባቡር ነጎድጓዱ ቀድሞ፤
ኮብሉን ሲረግጠው ከሩቅ ያስገመግማል፣
አንዷ ያሰጣችውን በርበሬ ትለቅማል።

የመጀመሪያው ወር ሻያችን ኮኮናት፣
ሽሯችን ኮኮናት፣ ፊታችን ኮኮናት።
ምንተስኖት ልጄ፣ አንገቱን አስገብቶ፣
«ባሕር!» ይል ነበረ፣ ደጋግሞ ተጣርቶ፤
በርሜሉም ይመልሳል በወፍራም ጉሮሮ፣
«ባሕር... ሕር...» እያለ ከማድቤቱ ጓሮ።

ሽታው በኋላ ሄደ።
መቼ እንደ ወጣ ግን ማንም አላየውም፣
በር ድረስ እንኳን የሸኘው የለም።

ዐሥራ አንድ ዓመት ቆመ፣ ከአንድ ድንጋይ ላይ።
ለአራሷ ተቀዳ፣ ለለቅሶው ተቀዳ፣
ጣሪያ ሲጋይ ጊዜ እስከ አተላው ወጣ፤
የኮረፈችኝም ሰላም ሳትል አለፈች፣
ማታ ግን በጣሳ ከሆዱ ጨለፈች።

ከዚያ ቁጥር መጣ፣ በግንቡ ተጻፈ፣
ሠራተኛ ሰፈር እንደ ጆንያ ተራገፈ።
አምስተኛ ፎቅ ደረሰን፤ ደረጃው ጠባብ ነው።
ጣሪያው ላይ ሮቶ አለ፣ ጥቁር ነው፣ የጋራ፣
ሲሞላ የማይጮህ፣ ሲጎድል የማይጣራ።

መልሼ ወሰድሁት።
ሙዘይን ሸብቷል፤ ሚዛንም ገዝቷል።
አንኳኳ። ሰማ። ዝቅ ብሎ ደግሞ መታ።
አላሸተተም።

«ውሃ ነው የጎዳው» አለኝ፣
ሰው ስለ ክፉ ጓደኛ እንደሚያወራ።
«ናፍጣ ቢጠጣ፣ ዘይት ቢሞላበት፣
ሃያ ዓመት ይኖራል፣ ብል አይደርስበት።
ንጹሑ ነው የሚበላ፣ እመቤቴ።
በቁሙ አይሸጥም። በኪሎ ነው።»

ረዲ የሚሉት ልጅ ጎኑን በመሮ ሰነጠቀ፣
መዶሻው ሲያርፍበት ድምፁ ደረቀ፤
ሰሌን ሆኖ ተኛ፣ ውስጡ ወደ ሰማይ።

ያኔ አየሁት።
የዝገት መስመሮች፣ አንዱ ካንዱ በላይ፣
ውሃው በየሌሊቱ የደረሰበት ልክ።
ከአፉ አጠገብ አንድ ቀጭን፣ ብቻውን፤
የትኛው ሌሊት እንደ ነበር አላስታወስሁም።
ከታች ግን ተደራርበው ጠቁረዋል፣
ቆጥሬ ልጨርሳቸው አልቻልሁም።
በመስመሮቹ መካከል፣ በምስማር የተጫረ፣
አንድ ትንሽ ክንድ የሚደርስበት ላይ፣
«ባሕ» ይላል።
ሦስተኛው ፊደል የለም፣ ተቀርፏል።

«ለምድጃ ይሆናል» አለ ረዲ፣
ኖራ ይዞ በላዩ እያሰመረ።

ሚዛን ላይ ወጣ፣ ዐሥራ ሰባት ኪሎ።
ሙዘይን ሁለቱን ለዝገት ቀነሰ።
«ዝገቱ የኔ ነው፣ እሱን መልስልኝ»
አልሁት ለቀልድ።
አልሳቀም።
ሚዛኑን በእጁ መጥረግ ጀመረ፤
ቀይ ብናኝ ነበር፣
ነፋስ ወደ ጫማዬ አመጣው።